ግራጫዎቹ መርዶ ነጋሪዎች

በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ላይ ሰው ሰውን ሲያገኝ «እንዴት አደርክ» ብሎ ብቻ አያልፍም ነበር። «ቀለሙስ እንዴት አደረ?» ይላል። ያኛውም አምባሩን ገልጦ ያይና «አልሐምዱሊላህ፣ አረንጓዴ ነው» ወይም «ተመስገን፣ ከቢጫ አልወረድንም» ብሎ ይመልሳል። ጸጉር አስተካካዩ ቀለም ነበረው። ወጌሻው ቀለም ነበረው። ዳቦ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ የሰርግ አሳላፊው ሳይቀር ቀለም ነበረው። ቀለም የሰው የሥራ ደረጃ ነው፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሐል ቢጫ፣ ከታች ግራጫ። የሚያወጣው የእውቅና ቤት ነው፤ ሲደምርና ሲቀንስ ያድርና ጎህ ሲቀድ በየሰዉ አምባር ላይ ያወጣዋል። ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ቀለሙን ያያል። ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት በየቀኑ እንዲህ ነበር የሚነጋው።

እዚያው ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ፣ ብርቄ ይማም የምትባል ልጅ ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። በቦርከና ዳር ኮሌጅ ሥነ ልቦና ስትማር አራተኛ ዓመት ደርሳለች። የሰው ነገር የሚገባት ልጅ ናት፤ ጎረቤት ሲጣላ ሁለቱም ወገን ለእሷ ነው የሚያወራው። ምላሷ ግን አያርፍም። እናቷ እትዬ ዘምዘም «ይችን ልጅ አላህ ሲፈጥራት ዝም ማለትን ረስቶባታል» ይሏታል።

መጋቢት ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ዘምዘም እንደ ልማዳቸው ከጓዳ ሆነው ጠየቁ።

«ቀለሙስ እንዴት አደረ?»

ብርቄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አምባሯን ታያለች። «ግራጫ ሆነናል፣ እማ።»

እትዬ ዘምዘም እጃቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉ። ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል የሠሩ ሴት ናቸው። «ግራጫ? እኛ ዘንድ ግራጫ የሚባለው ገና ቀለም ያልነካው ጣቃ ነበር። የተበላሸውንማ ሌላ ስም ነው የምንሰጠው። ተነሺ፣ ቁርስሽን ብዪ።»

ብርቄ ቁርሷን በላች፤ ግን አልጣማት። ነገሩ እንዲህ ነው። ለመመረቅ አራት መቶ ሰዓት የተግባር ልምምድ ያስፈልጋል። ቀነ ገደቡ ሰኔ ሠላሳ ነው። እስከዚያ ያልሞላለት ተማሪ ስሙ ከመዝገብ ይነሣል፤ አራት ዓመት የተማረው እንዳልተማረ ይቆጠራል። ልምምድ የሚሰጠው ደግሞ እውቅና ያለው ቦታ ብቻ ነው። እውቅና ያለው ቦታ ግራጫ ፕሮግራም የሚማር ልጅ አይቀበልም።

በዚያው ጠዋት መምህር አስናቀ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ አሥራ አንዱን ተመራቂዎች ሰብስበው አስረዱ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው።

«ግራጫ የሆናችሁት የልምምድ ቦታ ስላላገኛችሁ ነው» አሉ። «የልምምድ ቦታ ያላገኛችሁት ደግሞ ቢጫ ስለነበራችሁ ነው።»

ስጦታው የሚባለው ቀልደኛ ልጅ እጁን አወጣ። «ቢጫስ ያደረገን ምንድን ነው፣ መምህር?»

«የመማሪያ ክፍላችን መስኮት። ስድስት መሆን ነበረበት፤ እኛ አምስት ነበረን።»

«ታዲያ ስድስተኛውን እንብሳዋ!»

«አምና በሳነው። ዘንድሮ ሰባት ሆኗል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ግን ወጣት ናቸው፣ ምን ያድርጉ። ከብርቄ አጠገብ የምትቀመጠው ጦይባ ብቻ አልሳቀችም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ብርቄ ከክፍል ወጥታ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። የሠራተኛው በር ሲያያት «ይቅርታ፣ ፕሮግራምዎ ግራጫ ነው። በሽተኛ ለመጠየቅ ከሆነ በምሥራቅ በኩል ይግቡ» አላት። በምሥራቅ በኩል ገባች። ከመስተዋት ጀርባ የልምምድ ጉዳይ ኃላፊው አቶ ታምሬ ተቀምጠዋል፤ መላጣ፣ መልካም ሰው።

«የልምምድ ቦታ አለ ወይስ የለም፣ አቶ ታምሬ?»

«ቦታማ ሞልቷል። ዘጠኝ ወንበር ባዶ ነው።»

«እንግዲያው አንዱ ላይ ልቀመጥ።»

«ወንበሩ አይቀበልሽም፣ ልጄ። ሳትቀመጪ ይጮኻል።»

«እርስዎስ ይቀበሉኛል?»

አቶ ታምሬ ዙሪያቸውን አዩ። «እኔን ማን ጠየቀኝና! አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ስቀመጥ የጠየቀኝ ሰው የለም። ፋይልሽን አይቼዋለሁ። ውጤትሽ ከእነዚያ ሁሉ ይበልጣል። ግን ደግሞ አየሽ፣ ያስተማረሽ ኮሌጅ…»

«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችና ንግግራቸውን አስቆመቻቸው።

ከመስተዋቱ በስተጀርባ ሦስት አረንጓዴ ተለማማጆች ይታያሉ። ከትልቅ ከተማ የመጡ፣ ንጹሕ ነጭ ካፖርት የለበሱ ልጆች ናቸው። በሽተኛው በሌላ ክፍል ሆኖ የልቡን ይናገራል፤ ንግግሩ ልጆቹ ፊት ተጽፎ ይመጣል፤ የሚመለስለት ምክርም ከሥሩ ተጽፎ ይመጣል። ልጆቹ «እሺ» የሚለውን ይነካሉ። ብርቄ ቆማ ስትቆጥር አንደኛው በአሥር ደቂቃ ሃያ ስድስት ጊዜ «እሺ» አለ። ራሱን ቀና አላደረገም። ይህ ለአራት መቶ ሰዓቱ ይቆጠርለታል።

ልትወጣ ስትል ጠያቂዎች ከተሰለፉበት አዳራሽ የአንዲት ሴትዮ አምባር ድምፅ አሰማ። ሴትዮዋ አርባ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። በእጃቸው ምሳ ዕቃ ይዘዋል። አምባራቸውን አነበቡ። ከኋላቸው የቆመችው ብርቄም አነበበችው፤ ጽሑፉ ትልልቅ ነበር።

«ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን። ባለቤትዎ አቶ ከማል ከቀኑ አምስት ሰዓት ከሩብ አርፈዋል። አሁን ሦስት ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱ። የምክር ቀጠሮዎ ሚያዝያ ሃያ ሁለት ነው።»

ሴትዮዋ ተነፈሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አብረው አንድ እርምጃ ተራመዱ።

«ተራዬ ደርሷል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ብርቄ ምሳ ዕቃውን ከእጃቸው ተቀበለች፤ መሬት አስቀመጠችው። ትከሻቸውን ይዛ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እሷም ተቀመጠች። ያቺ ዝም ማለት የማታውቅ ልጅ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሴትዮዋ አይተው አይተው፣ ሲገባቸው፣ ያን የመሰለ ጩኸት ለቀቁት።

ጥበቃው እየሮጠ መጣና አምባሯን አየ። «ሥነ ልቦና ነሽ አይደል? እውቅና አለሽ?»

«ምን ለማድረግ?»

«ሴትዮዋን ለመያዝ!»

«ልልቀቃቸውና አንተ ያዛቸው እንግዲያው።»

ጥበቃው ቆመ። እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ብርቄ አልለቀቀቻቸውም፤ የሴትዮዋ ዘመዶች እስኪደርሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው ወለል ላይ ተቀምጣ ቆየች።

በሦስተኛው ቀን የእነ ብርቄ በር ተንኳኳ። ከዘራ የያዙ፣ ሽበታም፣ ወገባቸው ጎበጥ ያለ ሰው ገቡ። ጋሽ ይመር ናቸው፤ የሰፈሩ እድር ዳኛ። እትዬ ዘምዘም ወንበር አቀረቡላቸው።

«ሩቂያን የያዘቻት ልጅ ያንቺ ናት አሉኝ» አሉ ለእናትየው። ከዚያ ወደ ብርቄ ዞሩ። «ከማል የእድራችን አባል ነበር። ሚስቱ ሞቱን ብቻዋን፣ ሰልፍ ላይ ሆና ሰማች። አምና የአሊ ልጅ የአባቱን ሞት መኪና እየነዳ አነበበው፤ በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ ቀበርን። ድሮ እኮ መርዶ እንዲህ አልነበረም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚወዱት ሰዎች ከብበውት ነበር የሚነገረው።»

«መጽሐፍ ላይ አለ» አለች ብርቄ። «አንድ አንቀጽ።»

«አንድ አንቀጽ!» ጋሽ ይመር ሳቁ። «ስሚኝ ልጄ። አምባሩ ‹ተቀባይ› የሚል ቦታ አለው። ዓይኑ ለማያይና ላረጀ ሰው፣ መልእክቱን ሌላ ሰው እንዲቀበልለት ተብሎ የወጣ ነው። ማንም ቢሞላው ግን አይከለክልም። ትናንት እድሩን ሰብስቤ ሦስት መቶ አርባ ቤት አስሞላሁ። ከእንግዲህ የሞት መልእክት ቀድሞ እኔ ጋ ይመጣል። የቸገረኝ ሰው ነው። የድሮዎቹ መርዶ ነጋሪዎች አልቀዋል፤ እኔም ይኸው ጉልበቴ ከድቶኛል። እናንተ ደግሞ ስለ ሐዘን ተምራችሁ ሥራ ፈታችሁ ተቀምጣችኋል ይባላል።»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ግራጫ ነን።»

«እኔ ደግሞ ሽበታም ነኝ። ምን አገናኘው?»

እትዬ ዘምዘም ከት ብለው ሳቁ። ብርቄ ግን አልሳቀችም፤ ልቧ መምታት ጀምሮ ነበር። «ሰዓቱን ቤተሰቡ ይፈርምልናል?»

«የፈለግሽውን ያህል ይፈርማል።»

በማግስቱ ብርቄና ጓደኞቿ ለመምህር አስናቀ ነገሯቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ፣ አሁንም አወለቁ። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ። «ያልሰማሁትን ግን አርብ አርብ በጽሑፍ አምጡልኝ። እያንዳንዱን ቤት፣ ምን እንዳላችሁ፣ ምን እንዳጠፋችሁ። ቁጭ ብለን እናርመዋለን።»

የመጀመሪያው ቀን ግን ጉድ ሆነ። የሞተው የአንዲት ወይዘሮ ወንድም ነበር። አሥራ አንዱም ልጆች ገና ሳይነጋ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ዳቦ ቤቱ አጠገብ መንገድ መታጠፊያው ላይ ተሰብስበው ጋሽ ይመርን ይጠብቃሉ። አንዲት ሴት ቆሻሻ ልትደፋ በሯን ከፈተች። ያንን ሁሉ ነጠላ አየች። «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጮኸች። በጩኸቱ ሁለተኛው ቤት ተከፈተ፤ እዚያም «አባቴን!» ተባለ። ሦስተኛው ቤት ማንን እንደሚያለቅስ ሳያውቅ ጀመረ። ስጦታው ከቤት ቤት እየሮጠ «የእናንተ አይደለም! የእናንተ አይደለም!» ሲል «የማን ነው ታዲያ?» እያሉ ይብሱን ያዙት።

ጋሽ ይመር ከዘራቸውን እየጎተቱ ሲደርሱ ሰፈሩ ታምሶ ነበር።

«በአንድ ሞት ሦስት ቤት አስለቀሳችሁ» አሏቸው። «ይህን ያህልስ አምባሩም አልቻለበት።»

ከዚያ ቁጭ አድርገው አስተማሯቸው። መርዶ ነጋሪ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ በየተለያየ መንገድ፣ እንደ መንገደኛ ነው የሚሄደው። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ከገቡ በኋላ ነው። ከሁሉ በፊት የቅርብ ጎረቤቲቱ ዘንድ ተሄዶ ይጠየቃል፦ ልቡን የሚያመው አለ? አራስ አለች? ማታ እህል ቀምሰዋል? በሩን ጎረቤቲቱ ታስከፍታለች፤ የምታውቀው ድምፅ ነዋ። ውሃ ይዘጋጃል። ስለታም ነገር ከቤቱ ዘወር ይደረጋል። በእድሜ የሚበልጠው ከሐዘንተኛው አጠገብ ይቀመጣል፤ ጉልበት ያለው ከኋላው ይሆናል።

ብርቄም ጋሽ ይመርን ያስተማረቻቸው ነገር ነበር። ጋሽ ይመር አንድ ጊዜ የአንዲትን ልጅ የእናቷን መርዶ ፈተናዋን እስክትጨርስ ለአንድ ወር እንደብቅ አሉ።

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

«ድሮ እንዲህ ነበር የሚደረገው።»

«ድሮም ልጂቱ ታውቅ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያያት ዓይኑን ሲሰብር፣ እናቷ አልደውል ስትላት፣ ታውቅ ነበር። ወሩን ሙሉ ብቻዋን ነው የምታለቅሰው። ከዚያ ደግሞ ከደበቋት ሁሉ ጋር ትቀያየማለች። ይህን አራት ዓመት ተምሬዋለሁ። ዛሬ ይነገራት፤ ሲነገራትም ‹ታማለች› አይባልም፣ ‹ሞታለች› ነው የሚባለው።»

ጋሽ ይመር በከዘራቸው መሬቱን ቆረቆሩ። «እኔን ታላቅ ወንድሜ ሲሞት አንድ ዓመት ደብቀውኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የደበቁኝን ሰዎች እስከ ዛሬ አልወዳቸውም። በይ፣ ይነገራት።»

እንዲህ እያለ ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት አለፈ። ከመርዶው በኋላም ልጆቹ አይሄዱም፤ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሠልስቱ ሲያልፍ፣ ሰዉ ሁሉ ሲበተን፣ እነሱ ተመልሰው ይመጣሉ። ዝም የሚለውን ያናግራሉ፤ የሚለፈልፈውን ዝም ብለው ይሰማሉ። እንቅልፍ እንቢ ያለውን፣ ራሴን እጠላለሁ የሚለውን ለይተው ለመምህር አስናቀ ያመጣሉ። እያንዳንዱ ቤት በደብተር ላይ ሰዓታቸውን ይፈርማል። መጻፍ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትማሉ። ሰኔ ሲገባ የብርቄ ሰዓት ሦስት መቶ ሰማንያ ደርሷል። የከማል ሚስት እትዬ ሩቂያ ድንኳኑ በተተከለበት ሁሉ ቀድመው ይገኙ ነበር፤ ሐዘንተኛው እንደሳቸው ወለል ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ ይቀመጣሉ።

ሰኔ ስምንት ከእውቅና ቤት ተቆጣጣሪ መጡ። ወይዘሮ ሶስና ይባላሉ። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ ዓይናቸው ሥር ድካም አለ። እድሩ አዳራሽ ውስጥ፣ በተቆለለ ድንኳንና በድስት መሐል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አሥራ አንዱ ልጆች፣ መምህር አስናቀና ጋሽ ይመር ፊት ለፊታቸው ናቸው።

ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። አንዲት የአውራ ጣት አሻራ ላይ ሲደርሱ ቆዩ።

«ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። «ይህን ስል ከልቤ ነው። ከዚህ የተሻለ የልምምድ መዝገብ አላየሁም። ስለዚህ አንድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። እድሩን እንደ ልምምድ ቦታ እንመዘግበዋለን። ከነገ ጀምሮ አረንጓዴ ነው።»

ስጦታው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ጦይባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወይዘሮ ሶስና እጃቸውን አነሡ።

«አልጨረስኩም። አረንጓዴ ቦታ የሚቀበለው አረንጓዴ ፕሮግራም የተማረ ብቻ ነው። ብርቄ፣ ያንቺ ውጤት ከፍ ያለ ስለሆነ አንድ አረንጓዴ ዩኒቨርሲቲ ፋይልሽን ለመውሰድ ተስማምቷል። ሦስት መቶ ሰማንያው ሰዓትሽ ይያዛል፤ ሃያው ይቀርሻል። ሰኔ ሠላሳ ትመረቂያለሽ። የሌሎቹ ሰዓት ግን አይያዝም። የሠሩት ግራጫ ሆነው ነው።»

«እኔስ ምን ሆኜ ነው የሠራሁት?»

«አንቺን የሚወስድሽ ተገኝቷል።» ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «እዚህ ጋ ፈርሚ። የእድሩ ዳኛም እዚህ ጋ።»

ስጦታው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ያ ሁሌ የሚቀልድ ልጅ፣ «ፈርሚ፣ ብርቄ» አለ። «ዜሮ ከአሥራ አንድ ከምንሆን አንድ ከአሥራ አንድ ይሻላል።»

ብርቄ እስክሪብቶውን አነሣች። እናቷ ትዝ አሏት፤ አራት ዓመት ሙሉ ማለዳ እየተነሡ የላኳት። በምርቃት ቀን የሚለብሱትን ቀሚስ ከወዲሁ አሰፍተዋል። እጇ ወረቀቱ ላይ ደረሰ። ከዚያ ቀና አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። እድሩ አረንጓዴ ከሆነ በኋላ፣ መጪው ዓመት እንደኛ ግራጫ የሆነች ልጅ መጥታ ‹አስለምዱኝ› ብትል፣ ማን ነው ከበር የሚመልሳት?»

«እድሩ ነዋ። የእድሩ የልምምድ ኃላፊ።»

«ኃላፊው ማን ይሆናል?»

ወይዘሮ ሶስና ወረቀቱን አዩ። «ልምድ ያላት አንቺ ነሽ።»

«ስለዚህ እኔ ነኝ የምመልሳት። ‹ቦታማ አለ፣ ግን› የምላት እኔ ነኝ።»

ብርቄ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«አልፈርምም።»

«ልጄ፣ አስቢበት…»

«አስቤበታለሁ። ያ ወረቀት ለእኔ ወንበር ይሰጠኛል፤ ይሄን አዳራሽ ግን በር ያደርገዋል። የሠራሁት ሥራ ልክ ከሆነ የጦይባም ልክ ነው፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ሦስት ቀን ሙሉ እህል ያስቀመሰቻት እሷ ናት። የስጦታውም ልክ ነው። ልክ ካልሆነ ደግሞ የእኔም ይሰረዝ።»

ወይዘሮ ሶስና ወደ ጋሽ ይመር ዞሩ። «እርስዎስ፣ አባቴ? እድርዎን አረንጓዴ ማድረግ አይፈልጉም?»

ጋሽ ይመር ጢማቸውን ዳሰሱ። «እኛ ሬሳ ስናጥብ ቀለሙን ጠይቀን አናውቅም፣ እመቤት። የአጣቢውን ቀለም ከጠየቅን ሟቹ ይታዘበናል።»

ሴትየዋ ወረቀታቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ድምፃቸው አሁንም ለስላሳ ነው። «እንግዲያው ሕጉን ማንበብ ግዴታዬ ነው። አንቀጽ አሥራ ስድስት፦ ‹ግራጫ ፕሮግራም የተማረ ሰው ሐዘንተኛን ማጽናናት፣ ማማከርና ከሐዘንተኛ ጋር ለሙያው መቀመጥ አይችልም።› ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሥራ ማቆም አለባችሁ።»

«ያልተማረ ሰውስ?» አለች ብርቄ።

«ምን አልሽ?»

«ያልተማረ ሰው ሐዘንተኛን ማጽናናት ይችላል?»

«ላልተማረማ አይከለከልም። ባህል ነው።»

«ሰኔ ሠላሳ ስማችንን ከመዝገብ ስታነሡት፣ እኛ ምን እንሆናለን?»

ወይዘሮ ሶስና የሕጉን ወረቀት ገለበጡ። ከወዲያ ጥግ መምህር አስናቀ ሳል ያዛቸው፤ ሳል አልነበረም፣ ሳቃቸውን ነበር የሚውጡት።

«ያልተማርን እንሆናለን» አለች ብርቄ። «እናንተው ናችሁ የምትጽፉት። ሃያ ሁለት ቀን ነው የቀረን፤ ሃያ ሁለት ቀን እናርፋለን። ከዚያ ማንም አይከለክለንም። የተማርነውን ግን ከጭንቅላታችን የምታነሡበት መዝገብ የላችሁም።»

ጋሽ ይመር ከዘራቸውን መሬት ላይ ኳ አደረጉት። ስጦታው «ዜሮ ከአሥራ አንድ!» ብሎ ጮኸ፤ ልጆቹ በሙሉ አንድ ላይ ሳቁ። ጦይባም ሳቀች። ተቆጣጣሪዋ እስኪወጡ ድረስ ሳቁ። ወይዘሮ ሶስና በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው ደብተሩን አዩና ሄዱ።

ማታውን ለእናቷ ስትነግራቸው እትዬ ዘምዘም ቀሚሱን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ አራት ዓመት አራት ዓመት ነው። «ቀሚሱን ምን ላድርገው?» አሉ።

«ልበሺው፣ እማ። አርብ ላይ ልበሺውና ገበያ ውጪበት።»

«ገበያ! ለገበያማ አላሰፋሁትም።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «በይ፣ አርብ እለብሰዋለሁ። የሚጠይቀኝ ካለ ‹ልጄ እምቢ ያለችበት ነው› እላለሁ።»

ሰኔ ሠላሳ ጠዋት የአሥራ አንዱም አምባር እኩል ድምፅ አሰማ። «የትምህርት ደረጃ፦ የለም» ይላል። ግራጫውም ጠፍቷል፤ ቦታው ባዶ ነው። በዚያ ቀን አንዳንዶቹ አለቀሱ። ብርቄም አልቅሳለች፤ ለሰው አላሳየችም እንጂ።

በማግስቱ ሐምሌ አንድ ነው። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ጎህ ሲቀድ የጋሽ ይመር አምባር አንድ መልእክት ተቀበለ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በየተለያየ መንገድ፣ ጃንጥላ ይዘው ሄዱ። ቤቱ የአንድ ወጣት ሹፌር ነው። የሞቱት እናቱ ናቸው፤ ገጠር ወርደው፣ ዘመድ ዘንድ ሰንብተው ነበር። ጎረቤቲቱ ልጁ የልብ ሕመም እንደሌለበት፣ ማታም እራት እንደበላ ነግራቸዋለች። በሩን ያስከፈተችው እሷ ናት።

ወጣቱ በሩ ላይ ቆመ። ከእንቅልፉ ገና አልነቃም። ልማድ ነውና ቀለሟን ለማንበብ እጁን አንሥቶ አምባሩን ወደ ብርቄ አዞረ። አምባሩ ምንም አላነበበም።

«እናንተ እነማን ናችሁ?» አለ።

«የሰፈር ሰዎች ነን» አለችው ብርቄ። «ካንተ ጋር ልንቀመጥ ነው የመጣነው።»

ከኋላዋ ጋሽ ይመርን አየ፤ ጎረቤቲቱን አየ። ፊቱ ተለወጠ። ጦይባ ውሃውን ይዛ ገባች፤ ስጦታው ከኋላው ሄዶ ቆመ። ብርቄ እጁን ይዛ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ እናቱን በስማቸው ጠራች፤ ከዚያም ነገረችው።